መሣሪያው ውስጥ ቢትኮይን የለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ በአንድ የክሪፕቶ መገበያያ በኩል ቢትኮይን ስገዛ ቆየሁ፤ አሁን ወደ 9 ሺህ ዶላር ደርሷል። የሥራ ባልደረባዬ ‹መገበያያው የከሰረ ቀን አብረህ ትከስራለህ› ስላለኝ የስልክ ዋሌት የሚባለውን፣ ቢትኮይንን በራስ እጅ ለመያዝ የሚያገለግል መተግበሪያ አወረድኩና ግማሹን ወደዚያ አዛወርኩ። ዋሌቱ የሰጠኝን 12 ቃላት ፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለት፤ አንድ ነገር ብሆን ገንዘቡ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ቢትኮይን የሚቀመጥበት ፍላሽ መሳይ መሣሪያ እንዳለ ሰማሁ። አንድ የማውቀው ሰው የተጠቀመበትን በግማሽ ዋጋ ሊሸጥልኝ ፈልጓል። ልግዛው ወይ? መሣሪያው ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅስ ገንዘቤ አብሮት ይጠፋል?»

መልስ፦ ከመሣሪያው በፊት ፎቶው። በስልክ ዋሌትዎ ውስጥ ያለው 4 ሺህ 500 ዶላር ገደማ በዚህ ሰዓት በሩ ሳይዘጋ የታደረበት ቤት ነው። እነዚያ 12 ቃላት የይለፍ ቃል እንዳይመስሉዎት፤ ገንዘቡ ራሱ ናቸው። ያያቸው ሰው የእርስዎን ስልክ መስረቅ አያስፈልገውም። የትም አገር ተቀምጦ በራሱ ስልክ ላይ ዋሌት አውርዶ ቃላቱን በቅደም ተከተል ቢያስገባ ገንዘቡን እንደ እርስዎ ያዝዝበታል። ፎቶው ደግሞ አሁን በእርስዎ ስልክ፣ በወንድምዎ ስልክ፣ በቴሌግራም ሰርቨሮች፣ ምናልባትም ሁለቱ ስልኮች ፎቶዎቻቸውን በራሳቸው ጊዜ በሚልኩባቸው የኢንተርኔት ማከማቻዎች ውስጥ አለ። የቴሌግራም ተራ መልእክት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም ሊያነበው በማይችልበት መንገድ የተመሰጠረ አይደለም፤ እንደዚያ የሚመሰጠረው ሆን ተብሎ የሚከፈተው ሚስጥራዊ ውይይት ብቻ ነው። የአንዳችሁን የቴሌግራም አካውንት የጠለፈ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ፎቶውን ያገኘዋል።

ይህ ነገሩን ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ «ስፓርክካት» የሚል ስም የሰጠውን ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ነበር። በጎግል ፕሌይ ብቻ ሳይሆን በአፕል መደብር ውስጥ በነበሩ መተግበሪያዎች ጭምር ተደብቆ ገብቷል። ሥራው የስልኩን የፎቶ ማኅደር ማገላበጥ፣ በፎቶዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብና እነዚህኑ የዋሌት ቃላት እየለቀመ ወደ ባለቤቶቹ መላክ ነው።

ፎቶውን ማጥፋት አይበቃም። የዋሌቱን ሚስጥር ቁጥር መቀየርም አይበቃም፤ ቁጥሩ የሚቆልፈው ስልክዎ ላይ ያለውን መተግበሪያ እንጂ ቃላቱን አይደለም። ያለው መፍትሔ ገንዘቡን ከእነዚያ ቃላት ሥር ማውጣት ነው። ዛሬ ማታ ወደ መገበያያው ይመልሱት። አዎ፣ ባልደረባዎ «ሽሽ» ወዳለዎት ወደዚያው። አዲስ መሣሪያ እስኪደርስዎ ሁለት ሳምንት እዚያ ቢያድር ከፎቶው የሚብስ አደጋ አይመጣበትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። መሣሪያው ውስጥ ቢትኮይን የለም። በስልክዎ ውስጥም የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ቢትኮይን በዓለም ዙሪያ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ሙሉ ቅጂውን ይዘው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚያስቀጥሉት አንድ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሒሳብ ነው። መዝገቡ ስም አያውቅም፣ መታወቂያ አይጠይቅም። ለአንድ አድራሻ በሚገጥመው የግል ቁልፍ የተፈረመ ትእዛዝ ሲመጣለት ያዛውራል፤ ካልመጣለት ሂሳቡ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቁልፉ እጅግ ረጅም ቁጥር ነው፣ ሰው ደግሞ ረጅም ቁጥር ሲገለብጥ ይሳሳታል። ስለዚህ በ2013 በቀረበ የአሠራር ደንብ ቁጥሩ 2048 ተራ ቃላት ካሉበት ዝርዝር በሚመረጡ 12 ወይም 24 ቃላት እንዲወከል ተደረገ። አሥራ ሁለት ተራ ቃላት በግምት የሚገኙ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አማራጮቹ ግን ከ3 ቀጥሎ 38 ዜሮ የሚደረደርበት ቁጥር ያህል ናቸው። ማንም ገምቶ አይደርስባቸውም። የሚሰረቁት ታይተው ወይም ከባለቤታቸው ተጠይቀው ነው።

መሣሪያው፣ ሃርድዌር ዋሌት የሚባለው፣ እንደ ማኅተም ያዥ ነው። ማኅተሙን ለማንም አያውስም፤ ወረቀቱ ወደ ቢሮው ይገባል፣ እዚያው ይመታበታል፣ ይወጣል። እንደዚሁ የክፍያ ትእዛዙ ከኮምፒውተርዎ ወደ መሣሪያው ይገባል፣ ውስጥ ይፈረማል፣ የሚወጣው ፊርማው ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ቢወረር እንኳ ቁልፉን አያይም። በስልክ ዋሌት ግን ቁልፉ፣ የወረዱ ጨዋታዎችና የማይታወቁ ሊንኮች በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ቢበላሽ ሌላ ይገዛሉ፣ ቃላቱን ያስገባሉ፣ ሂሳቡ እንደነበረ ይታያል። አምራቹ ኩባንያ ቢዘጋ እንኳ በዚያው ደንብ የሚሠራ የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ይተካዋል። ቢሰረቅ ሌባው የሚስጥር ቁጥሩን ማወቅ አለበት፤ የተወሰኑ ጊዜያት ከተሳሳተ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል፣ በአንዳንዶቹ ላይ ሦስት ስሕተት ይበቃል። ያም ሆኖ ተዘናግተው አይቀመጡ። ቃላቱን በሌላ መሣሪያ ከፍተው ገንዘቡን ወደ አዲስ ዋሌት ያዛውሩት። መሣሪያው ሳይጠፋ ቃላቱ ከጠፉም መሣሪያው እየሠራ ሳለ ገንዘቡን ወደ አዲስ ዋሌት ያዛውሩት፤ በኋላ ቢበላሽ ማንም ሊረዳዎት አይችልም።

ያገለገለውን አይግዙ። ሻጩ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እሱ ራሱ ከማን እንደገዛው አያውቁም። የተለመደው ማጭበርበር ቀላል ነው። መሣሪያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ 12ቱም ቃላት ባማረ ካርድ ላይ ታትመው ከሣጥኑ ጋር ይመጣሉ። ገዢው «እንዴት ደግ ነው፣ ሥራ ቀነሰልኝ» ይልና ገንዘቡን ያስገባል፤ ቃላቱ ግን ሻጩም ዘንድ አሉ። ቃላት ሁልጊዜ በእርስዎ እጅ፣ በእርስዎ ፊት፣ ከባዶ መሣሪያ መመንጨት አለባቸው። የውስጥ አካሉ የተነካካ መሣሪያን ግን ወደ መጀመሪያው ይዞታ በመመለስ አያድኑትም። አዲሱ ከ100 ዶላር በታች የሚገኝ ዕቃ ነው። ለ9 ሺህ ዶላር ቁልፍ ሠላሳና አርባ ዶላር ለማትረፍ መከራከር ቤት ሠርቶ ለመዝጊያው መሰሰት ነው። በቀጥታ ከአምራቹ ይግዙ። ትሬዞር የሚባለው በፕራግ፣ ሌጀር የሚባለው በፈረንሳይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱም ለጀማሪ ይሆናሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክርክር ለእርስዎ መጠን ጊዜ ማባከን ነው።

ከአምራቹ ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በ2020 ከሌጀር የደንበኞች መረጃ ተሰርቆ የብዙ ሺህ ሰዎች ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ቁልፎቹ አልተነኩም። ሌቦቹ ግን ማን መሣሪያ እንደገዛ ስላወቁ የማታለያ ኢሜይልና ደብዳቤ አዘነቡ፤ በዚሁ ሳቢያ አስመስለው የሠሩትን መሣሪያ በፖስታ የላኩላቸው ሰዎችም ነበሩ። ስለዚህ ከኩባንያው ነኝ የሚል ሰው ቢደውል፣ «ዋሌትዎን ያረጋግጡ» የሚል ገጽ ቢከፈት፣ ደብዳቤው የኩባንያው ዓርማ ቢኖረውም፣ ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ቃላቱ የሚገቡት በመሣሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አይተየቡም፣ ስልክ ላይ አይነበቡም።

ባልደረባዎ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። መቀመጫውን ቶኪዮ ያደረገው ማውንት ጎክስ የተባለ መገበያያ በ2014 መጀመሪያ ላይ ሲወድቅ 850 ሺህ ያህል ቢትኮይን ጠፋብኝ አለ፤ 200 ሺህ የሚሆነው በኋላ ተገኝቷል። በካናዳ ኳድሪጋ የተባለው መገበያያ ኃላፊው በ2018 መጨረሻ ሕንድ ውስጥ ሲሞት «ቁልፎቹን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር» ተባለ፤ ምርመራው ሲጠናቀቅ ግን የደንበኞቹ ገንዘብ ቀድሞ ተበልቶ መገኘቱ ታወቀ። ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያም በኖቬምበር 2022 ከሰረ፣ መሥራቹም 25 ዓመት ተፈረደበት። በአሜሪካ ባንክ ውስጥ ያለ ተቀማጭ እስከ 250 ሺህ ዶላር የመንግሥት ዋስትና አለው፤ ክሪፕቶ ግን በዚያ ዋስትና አይሸፈንም።

ሌላው ግማሽ የማይነገረው ነው። የእኔ ሥራ ዋሌታቸው የተቆለፈባቸውን ሰዎች መርዳት ነው፤ ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ገንዘባቸውን ራሳቸው ቆልፈው ቁልፉን ራሳቸው የጣሉት መገበያያ ከከሰረባቸው ይበልጣሉ። በዌልስ የኒውፖርት ከተማ የሚኖር አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በ2013 በስሕተት ወደ ቆሻሻ መጣያ የሄደበትን፣ በሺዎች የሚቆጠር ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ድራይቭ ቆፍሮ ለማውጣት ከከተማው አስተዳደር ጋር ለዓመታት ሲሟገት ኖሯል። ባለሙያ ነው እንግዲህ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስልክዎን አጥፍተው ይህን ሥራ በትዕግሥት ለመሥራት ፈቃደኛ ካልሆኑ መገበያያው ላይ ይተዉት። ነውር የለበትም። መግቢያውን ግን በአጭር የስልክ መልእክት ሳይሆን ኮድ በሚያመነጭ መተግበሪያ ያጠናክሩት፤ የስልክ ቁጥርን በማታለል ወደ ሌላ ሲም ማስዞር ለሌቦች አስቸጋሪ አልሆነም። ገንዘብ ማውጣትም እርስዎ አስቀድመው ወዳጸደቋቸው አድራሻዎች ብቻ እንዲሆን ይቆልፉት።

ቅዳሜዎን ከሰጡ የምመክርዎት ይህን ነው። መሣሪያው ሲመጣ ባዶ መሆኑን አይተው አዲስ ዋሌት ይፍጠሩ። ቃላቱ በመሣሪያው መስታወት ላይ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ተራ ቁጥራቸውን ሳይዘሉ በወረቀት ይጻፏቸው። በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም በእርጥበት ይፈስሳል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ለብዙ ዘመን ይቆያል። እና በላቲን ፊደል ይጻፉ፣ ያውም በትልልቁ።

ይህን የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። አንዲት እናት ሰማያዊ ሽፋን ያለው የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው መጡ። ስልካቸው ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ቃላቱን ግን ልጃቸው እያነበበላቸው በገዛ እጃቸው ጽፈዋቸዋል፤ ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ አንዲት ስርዝ የለችበትም፤ በአማርኛ ፊደል። ሦስተኛው ቃል «ስቲል» ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ ብረት ማለት የሆነው ስቲል አለ፣ ገና ወይም አሁንም ማለት የሆነው ስቲልም አለ። ሰባተኛው «ሊቭ» ነው፤ መተውም መኖርም ሁለቱም ተመዝግበዋል። አሥረኛው «ኮስት» ነው፤ የባሕር ዳርቻው ነው ወይስ ወጪው? ሦስት ቃላት፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ምርጫ፣ በአጠቃላይ ስምንት ሙከራ ብቻ ስለነበረ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተከፈተ። እሳቸው ዕድለኛ ነበሩ። ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ወይም ግማሹ ቃል ተገድፎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ዝርዝሩ ራሱ ይረዳዎታል፤ የመጀመሪያ አራት ፊደሎቻቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት ሆን ተብሎ አልተካተቱበትም።

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፣ ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። አንዱ ቤት፣ ሌላው በባንክ የኪራይ ሣጥን ወይም በሌላ ቤት በሚታመን ሰው ዘንድ በታሸገ ፖስታ። ከቅጂዎቹ አንዱ ብረት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ቃላት የሚመቱበት የማይዝግ ብረት ይሸጣል፣ ከቤት ቃጠሎም ከጎርፍም ይተርፋል። በመዶሻ የሚመቱት ግን እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፤ ቅርጽ አውጪ ዘንድ ወስዶ ማስቀረጽ ቃላቱን ማስነበብ ነው።

ብልሃት አይጨምሩ። ብዙ ሰው ስድስቱን ቃላት እዚህ፣ ስድስቱን እዚያ ያስቀምጥና ሌባውን የቀደመ ይመስለዋል። አንዱ ግማሽ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ፤ አንዱ ግማሽ ከተሰረቀ ደግሞ ቀሪውን በኮምፒውተር ኃይል ፈልጎ ማግኘት ከነበረበት እጅግ ይቀልላል። ቅደም ተከተሉን አዛብቶ መጻፍ፣ አንዱን ቃል በጭንቅላት ብቻ መያዝ፣ በቃላቱ ላይ ራስዎ የፈጠሩትን ተጨማሪ ሐረግ መደረብ፣ እነዚህ ሁሉ ከሌባው ይልቅ ከአምስት ዓመት በኋላ ያለውን እርስዎን ይዘጋሉ። ከሦስት ቁልፎች ሁለቱ ሲስማሙ የሚከፈት አሠራርም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ለድርጅትና ለትልቅ ገንዘብ። ለእርስዎ አሁን አይደለም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ አለ። ከመገበያያው 50 ዶላር የምታህል ቢትኮይን ወደ መሣሪያው ይላኩ። ሲደርስ መሣሪያውን ሆን ብለው ያጥፉት፤ ወደ ፋብሪካው ይዞታ ይመልሱት፣ ሁሉም ነገር ይሰረዝ። ከዚያ የጻፉትን ወረቀት አንሥተው ቃላቱን ያስገቡ። ሃምሳ ዶላሩ ተመልሶ ከታየ ወረቀትዎ ትክክል ነው። ካልታየ የተማሩት በ50 ዶላር ነው። ከዚህ በኋላ ብቻ ቀሪውን ይላኩ። ሲልኩም አድራሻውን በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አይተው አይመኑ፤ የተገለበጠን አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተኩ ፕሮግራሞች አሉና በመሣሪያው ላይ ከሚታየው ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስተያዩት። የተላከ ቢትኮይን አይመለስም። «የተሰረቀ ክሪፕቶ እናስመልሳለን፣ ቅድሚያ ክፍያ» የሚሉትን ደግሞ አይስሙ፤ በዚህ ሙያ ላይ ያለሁት ሰው ነኝ የምነግርዎት፣ የተቆለፈ አንዳንዴ ይከፈታል እንጂ የተላከን በክፍያ አስመላሽ አላየሁም።

ግብርን በተመለከተ ባጭሩ፦ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን እንደ ንብረት ይቆጥራል። ከራስ ወደ ራስ ዋሌት ማዛወር ሽያጭ አይደለም፣ ግብር አያስከፍልም። ሲሸጡ ግን የገዙበት ዋጋ ይፈለጋልና ከመገበያያው የሁለት ዓመቱን የግዢ ዝርዝር አውርደው ያስቀምጡ።

የወንድምዎ ነገር ቀረ። ሐሳብዎ ትክክል ነበር፣ መንገዱ ነው የተሳሳተው። ቃላቱን በኑዛዜም አይጻፉ። በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የሚጸድቅ ኑዛዜ ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። 12 ቃላት በአራት ሰው ጆሮ ሲንቆረቆሩ ይታይዎት። በኑዛዜው ቢትኮይን እንዳለና ለማን እንደሆነ ብቻ ይስፈር። ለብቻው በሚቀመጥ ደብዳቤ መሣሪያው የት እንዳለ፣ የታሸገው ፖስታ ማን ዘንድ እንደሚገኝ፣ መጀመሪያ ማንን ማማከር እንደሚገባ በቀላል አማርኛ ይጻፉ፤ ቃላቱ ግን እዚያም አይኑሩ።

ፖስታውን አዲስ አበባ እንዳይልኩት የምመክረው ወንድምዎን ተጠራጥሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ወንድምዎ ቢትኮይኑን እዚያ ወደ ብር ልለውጥ ቢሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ጓዳ ለጓዳ መደራደር ይገባሉ፣ ለአጭበርባሪም ለሕግም ይጋለጣሉ። ይልቅ እዚያው አሜሪካ የሚኖር የሚያምኑት ዘመድ ወይም ጠበቃ ሸጦ ገንዘቡን በባንክ እንዲልክላቸው ያመቻቹ። ወንድምዎ ማወቅ ያለባቸው ንብረቱ መኖሩን፣ ደብዳቤው የት እንደሆነና የዚያን ሰው ስልክ ነው። ከእነሱ ውጭ ላለ ሰው፣ በማኅበርም በዕድርም በቡና ላይም፣ ስንት እንዳለዎት አያውሩ። ደጅዎን አንኳኩቶ በግድ ቃላቱን ከሚጠይቅ ሰው የሚያድን መሣሪያ አልተሠራም።

ዛሬ ማታ ወንድምዎ ዘንድ ይደውሉ፣ ፎቶው ከሁለታችሁም በኩል ይጥፋ፤ የድሮውን የስልክ ዋሌት ግን ባዶ ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ አይሰርዙት። ምክንያቱም መገበያያው ላይ «የእኔ ዋሌት» ብለው ያስቀመጡት አድራሻ አሁንም የዚያ የተቃጠለ ዋሌት ነው። በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ደርሶ፣ ግዢው ተፈጽሞ፣ ጣትዎ በልማድ እሱን ከመጫኑ በፊት ከዝርዝሩ ያውጡት።